8,222 ባለቤቶች ያሉት ቡድን
(በዘንድሮው የምሩቃን ጉባኤ ዋዜማ፣ በእራት ግብዣው ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ ትናገራለህ፤ ፖለቲካ ግን አይሆንም» አለኝ። «ሃይማኖትስ?» ብል «እሱም ይቅር» ተባልኩ። እንግዲህ ለአበሻ ሁለቱ ከተከለከሉ የሚቀረው ኳስ ነው። እግር ኳስ እንዳልል ደግሞ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጊዮርጊስና ቡና ጎን ለጎን ተቀምጠው እያየሁ ነው። ስለዚህ ማናችሁም ስለማትጣሉበት ጨዋታ፣ ስለ ቤዝቦል እናገራለሁ። እሱም ስለ ትልልቆቹ ቡድኖች ሳይሆን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩባት ከተማ ሮቸስተር ስላላት ሁለተኛ ደረጃ ቡድን ነው፤ ሬድ ዊንግስ ይባላል፣ «ቀይ ክንፎች» እንደማለት። ለምን ይህን እንደመረጥኩ ነገ ከምንመርጠው ነገር ጋር ይያያዛል። እመጣበታለሁ።

ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በእኛ ልለውጥ ብል ሃያው ደቂቃ በመቀነስ ያልቃል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታው አራት ማዕዘኑን ዞሮ ከተመለሰ ነጥብ ነው። የገና ጨዋታን ዱላ አስቡና ሩጫውን ቀንሱለት፣ መቆሙን ጨምሩለት። ሁለቱ ቡድኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ይመታሉ፤ እያንዳንዱ ዙር ኢኒንግ ይባላል። በዘጠኙ እኩል ከወጡ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ እያሉ አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላሉ። የጨዋታው ርዝመት በሰዓት አይወሰንም፣ አቻ መለያየትም የለም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

አሁን «ማይነር ሊግ» የሚባለው ምንድን ነው? አሜሪካኖቹ ራሳቸው «እርሻ» ይሉታል። የችግኝ መደብ ብንለው ለእኛ ይቀርበናል። ትልቁ ክለብ ልጆቹን ትንሽ ከተማ ውስጥ ያፈላቸዋል፣ ሲበስሉ ነቅሎ ይወስዳቸዋል። ይህን አሠራር ያስፋፋው ብራንች ሪኪ የሚባል ሰው ነው፤ ጥቁሩን ጃኪ ሮቢንሰንን በ1947 ወደ ትልቁ ሊግ ያስገባው ያው ሪኪ። ያን ጊዜ ግን በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነበር። እንግዲህ የትንሿ ከተማ ደጋፊ ዕጣ ይህ ነው፦ ጎበዙን ልጅ ገና ስሙን መጥራት ስትለምድ ይወስዱብሃል። ደካማው ይቀርልሃል፣ ወይም አርጅቶ ከላይ የወረደው። አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ቡድን ዕድሜ ልኩን የሚወድበት ምክንያት ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር።

ሮቸስተር በኒውዮርክ ግዛት፣ ከኦንታሪዮ ሐይቅ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ካሜራ የያዘ ሁሉ የሚያውቃት ናት፤ ኮዳክ የተወለደው እዚያ ነው። ቤዝቦል የጀመሩት ግን ከኮዳክ በፊት ነው። በ1880 አካባቢ የከተማዋ ቡድን ስሙ «ሆፕ ቢተርስ» ይባል ነበር። ሆፕ የፈረንጅ ጌሾ ነው፤ ሆፕ ቢተርስ ደግሞ ሁሉን በሽታ ያድናል እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጥ መራራ ነገር። የመድኃኒቱ ነጋዴ ቡድኑን በመድኃኒቱ ስም ጠራው። ዛሬ የስፖርት ማልያ ላይ የባንክና የቢራ ስም ስናይ «ወይ ዘመን!» እንላለን፤ ነገሩ ግን ያኔም ነበር። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ስሙን ደጋግሞ ቀያየረ። ካርዲናልስ በ1928 ከገዛው ወዲህ ነው ሬድ ዊንግስ የተባለው። በዓመቱ፣ በ1929፣ ኖርተን የሚባለው መንገድ ላይ ስታዲየም ተሠራለት።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው፤ ደስ የሚሉ ናቸው፣ ደስታ ደግሞ ሲተረክ አያምርም። ከ1928 እስከ 1931 አራት ዓመት ተከታትለው የሊጉን የበላይነት ያዙ። በ1941 ስታን ሙዚያል የሚባል ወጣት መጣ፣ ሃምሳ አራት ጨዋታ ብቻ ተጫወተና ሴንት ሉዊስ ወሰደችው። በታሪክ ከታዩት ታላላቅ መቺዎች አንዱ ሆነ። ሮቸስተር የደረሳት ሃምሳ አራት ጨዋታ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ። ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ ትልቁን ሊግ ማየት ሲችል የሠፈሩን ቡድን ለማየት ብርድ ውስጥ አይቀመጥም። በመላው አገር ትንንሽ ቡድኖች ይዘጉ ጀመር። ካርዲናልስም በሮቸስተር ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ከበደውና ቡድኑንም ስታዲየሙንም እንደሚተው አሳወቀ። ገዢ ካልተገኘ ቡድኑ ጠፋ ማለት ነው።

ሞሪ ሲልቨር የሚባል የከተማዋ ነጋዴ ነበር። እሱ ያመጣው ሐሳብ ለእኛ ለዕቁብና ለዕድር ሰዎች እንግዳ አይደለም፦ ከተማው ራሱ ይግዛው። አንድ አክሲዮን አሥር ዶላር። በ1957 መጀመሪያ ላይ፣ በዚያ ክረምት፣ ሰው አክሲዮን ገዛ። ስንት ሰው? 8,222። ይህ ቁጥር እዚያ ከተማ እንደ ስልክ ቁጥር በቃል ይታወቃል። የተቋቋመው ኩባንያ «ሮቸስተር ኮሚዩኒቲ ቤዝቦል» ተባለ፣ እስከ ዛሬም የቡድኑ ባለቤት እሱ ነው። ስታዲየሙም በ1968 ሲልቨር ስታዲየም ተብሎ በሰውየው ስም ተጠራ።

ይህን ታሪክ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አልፎ አንድ ሽማግሌ ነጭ ጎረቤት ነበሩን። ልጆቼ «ጋሼ» ነበር የሚሏቸው፤ ቃሉ ስማቸው መስሏቸው ኖሮ እሳቸውም ፖስታ ሲልኩልን «ጋሼ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይፈርሙ ነበር። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ እኛ የምረቃ ፎቶ በምንሰቅልበት ቦታ፣ በመስታወት የታሸገ ወረቀት አለ። አንድ አክሲዮን ነው። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በ1957 አሥር ዶላር ከፍለው አንድ ብቻ ገዙ። «ስንት አተረፋችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አዲስ መጤ ስለሆንኩ አክሲዮን ሲባል ትርፍ ነው የሚታየኝ። ሳቁብኝ። ለአንዲት አክሲዮን ምን ይከፈላል ብለህ ነው፣ አሉኝ። «ታዲያ ምን አገኛችሁ?» ስል «በዓመት አንድ ጊዜ ስብሰባ ገብቼ እናገራለሁ» አሉኝ። እንዲህ የሚሉ አባት ስድስት ኪሎ አንድ የተማሪዎች ጉባኤ ቢያዩ ምን እንደሚሉ እንጃ።

ቡድኑ ከተገዛ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ስለደረሰበት ነገር መተው አልችልም። ያኔ ሊጉ ውስጥ የሃቫና ቡድንም ነበር፣ ኩባ። ሐምሌ 1959 ሬድ ዊንግስ ለግጥሚያ ሃቫና ሄዱ። ካስትሮ ሥልጣን ከያዘ ገና ሰባት ወር አልሞላውም፤ የንቅናቄው መታሰቢያ ቀን ሐምሌ 26 ነው። የሐምሌ 25 ማታ ጨዋታ እኩል ሆነና ተራዘመ፣ እኩለ ሌሊት አለፈ። በዓሉ ገባ ማለት ነው። ሰዉ የደስታ ተኩስ ጀመረ፤ ስታዲየሙ ውስጥም ውጭም። የሮቸስተሩ አሠልጣኝ ከዳኛ ጋር ተከራክሮ ተባርሮ ስለነበር፣ ፍራንክ ቨርዲ የሚባል ተጫዋች በእሱ ቦታ ቆሞ ነበር። ከላይ የመጣች ጥይት ጭንቅላቱ ላይ አረፈችበት። ቆቡ ውስጥ ከኳስ የሚከላከል የፕላስቲክ ሽፋን አድርጎ ስለነበር ተረፈ። የሃቫናውንም ተጫዋች፣ ሊዮ ካርዴናስን፣ ትከሻው ላይ ሌላ ጥይት ጨረፈችው። ሮቸስተሮች የማግስቱን ጨዋታ ትተው ወደ አገራቸው በረሩ። በዓመቱ የሃቫና ቡድን ከኩባ ወጥቶ ጀርሲ ሲቲ ተዛወረ።

ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ እንደ ቀልድ ነበር የሚያወሩት። እኔ ግን አልሳቅሁም። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የደስታ ተኩስም ቢሆን ጥይቱ የሆነ ቦታ ያርፋል።

በዚያው በ1959 ሉክ ኢስተር መጣ። ጥቁር ነው፤ በወጣትነቱ ትልቁ ሊግ ለጥቁር ዝግ ስለነበር ወደዚያ የገባው ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ ነው፣ ሮቸስተር ሲደርስ ደግሞ አርባን አልፏል። ጉልበቱ ሄዷል፤ ኳስ ሲያገኝ ግን ከአጥር ውጭ ይሰዳል። እስከ 1964 ተጫወተላቸው። 36 ቁጥር ማልያውን ከእሱ በኋላ ማንም እንዳይለብሰው አደረጉ። መጨረሻው ያሳዝናል፤ በ1979 ኦሃዮ ውስጥ የፋብሪካ ባልደረቦቹን የደመወዝ ቼክ ሊመነዝርላቸው ሄዶ ባንክ በር ላይ ዘራፊዎች ገደሉት። የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ነበር። ከላይ «አርጅቶ የወረደው» ስል የተናገርኩት ስለ እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ከተማው ከሙዚያል ይልቅ እሱን የበለጠ የሚያነሳው ስለቆየላቸው ይመስለኛል።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ሰዓት የለውም ብዬ ነበር።

ሚያዝያ 18 ቀን 1981፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሬድ ዊንግስ በሮድ አይላንድ ግዛት ፖታኬት የምትባል ከተማ ሄደው ገጠሙ። ለፈረንጆቹ የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ በዚያ ዓመት ለእኛ የሆሣዕና ዋዜማ ነበር። 1,740 ሰው ገባ። ሮቸስተር በሰባተኛው አንድ ነጥብ አገባች፣ ፖታኬት በዘጠነኛው መጨረሻ አቻ አደረገች። ተራዘመ። አሥራ አምስት፣ ሃያ። በሃያ አንደኛው ሮቸስተር አገባች፤ ተገላገልን ሲሉ ፖታኬትም በዚያው ዙር መለሰች። ብርዱ የሚቻል ስላልነበር ተጫዋቾቹ የተሰበረ ዱላ በበርሜል እያነደዱ ይሞቁ ነበር። በደንቡ በሆነ ሰዓት የሚያስቆም አንቀጽ ነበረ፤ ዳኞቹ እጅ ላይ የነበረው መጽሐፍ ውስጥ ግን አልነበረም፣ ስለዚህ አያቆሙትም። የሊጉ ፕሬዚዳንት በስልክ ተገኝቶ «አቁሙ» ያለው ሊነጋጋ ሲል ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሰባት ደቂቃ፣ ሠላሳ ሁለት ኢኒንግ ተጫውተው፣ አሁንም ሁለት ለሁለት። መቀመጫው ላይ የቀሩት ሰዎች 19 ነበሩ።

ዴቭ ሃፐርት የተባለው የሮቸስተር ኳስ ተቀባይ ሠላሳ አንዱን ኢኒንግ ቁጢጥ ብሎ አሳልፏል። ዳላስ ዊሊያምስ የተባለው አሥራ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አንድም አልሆነለትም። የቀረውን በሰኔ 23 ጨረሱት። በመሐሉ የትልቁ ሊግ ተጫዋቾች ሥራ አቁመው ስለነበር የአገሩ ጋዜጠኛ ሁሉ ሌላ የሚያየው አጥቶ ፖታኬት ጎረፈ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀው፤ በሠላሳ ሦስተኛው ፖታኬት 3 ለ 2 አሸነፈች። በሙያ ደረጃ ከተደረጉት የቤዝቦል ጨዋታዎች እስካሁን ከዚህ የረዘመ የለም። ከሮቸስተር በኩል ካል ሪፕከን፣ ከፖታኬት በኩል ዌድ ቦግስ ነበሩበት፤ ሁለቱም ኋላ በታላላቆቹ መዝገብ ገቡ።

የተሸነፍነው እኛ ነን። (እዩ፣ «እኛ» አልኩ። መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም።)

ግን የአሸናፊዋ ከተማ ነገር ምን ሆነ? የፖታኬት ቡድን የግል ባለቤቶች ነበሩት። አዲስ ስታዲየም ይሠራልን አሉ፣ ከግዛቱ ጋር አልተስማሙም፣ ቡድኑን ይዘው በ2021 ወደ ማሳቹሴትስ፣ ወደ ውስተር ሄዱ። በዓለም ረጅሙን ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ዛሬ በዚያች ከተማ የለም። የተሸነፈው አለ።

ሮቸስተርም ብትሆን ክፉ ቀን አላጣትም። ኮዳክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ ውስጥ ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ በጥር 2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። አሮጌው ስታዲየም ቀርቶ በ1997 መሐል ከተማ ወዳለው አዲስ ሜዳ ገቡ፣ ባለቤቱ አውራጃው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ወሰዱበት። ጋሼ ግን አዲሱን ሜዳ አልወደዱትም። «መቀመጫው ይመቻል» ይሉ ነበር፣ እንደ ስድብ። ሐምበርገሩን፣ ድንቹን፣ ፓስታውን አንድ ላይ ደባልቆ የሚቀርበውን የከተማዋን ምግብ፣ «የቆሻሻ ሳህን» ነው የሚሉት፣ ያገር ሰው አይቆጣም፣ በ2017 ቡድኑ ለአንድ ቀን ስሙን በሱ ቀይሮ «ፕሌትስ» ተብሎ ተጫወተ። እኔ በያይነቱ ብለው ይሻላል ብያለሁ፤ የሰማኝ የለም።

ከዚያ 2020 መጣ። በወረርሽኙ ምክንያት ማይነር ሊግ በሙሉ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ዓመቱ አለፈ። ትልቁ ሊግም በዚያው አጋጣሚ 160 የነበሩትን ተጓዳኝ ቡድኖች ወደ 120 ቀነሰ። አርባ ከተማ በአንድ ጊዜ! ከእኛ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ያላት ባታቪያ ከተቀነሱት አንዷ ናት። ያቺን ትንሽ ቡድን የሮቸስተሩ ኩባንያ ራሱ ከ2008 እስከ 2017 ደግፎ አቆይቷት ነበር። አሁን በበጋ የኮሌጅ ልጆች ይጫወቱባታል። ሮቸስተር ራሷ ከሚኒሶታ ወደ ዋሺንግተን ናሽናልስ ተዛውራ ተረፈች።

ወደ ነገው ልምጣ። የቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም አንብባችኋል። ለስድስት ኪሎ ልጆች የምንከፍለውን የነፃ ትምህርት ገንዘብ ሰብስበን ለአንድ ትልቅ ድርጅት እንስጥና እሱ ያስተዳድረው፣ ማኅበሩም ይረፍ የሚል ነው። ምክንያቱ ጠንካራ ነው። መዋጮ የሚከፍለው ሰው ቀንሷል፣ ሒሳቡን የሚይዙት ሦስት ሰዎች ደክሟቸዋል፣ ልጆቻችን አይመጡም። ይህን ሐሳብ ያቀረቡትን እኔ አከብራቸዋለሁ፤ ከእኔ የበለጠ የደከሙ ናቸው።

ደግሞም ሐቁን ልናገር፤ ታሪኬ ሁሉ ወደ አንድ በኩል አያጋድልም። ከሮቸስተር አንድ ሰዓት ተኩል የምትርቀው ሲራኪዩስ እንደዚሁ ሕዝብ በአክሲዮን የያዘው ቡድን ነበራት። ኪሳራ በዛባቸውና በ2017 ለኒውዮርክ ሜትስ ሸጡት። ቡድኑ አልጠፋም፣ እዚያው ሲራኪዩስ ይጫወታል፣ ሜዳውም ታድሷል። ባለአክሲዮኖቹም ገንዘባቸውን አግኝተዋል። ተሳሳቱ ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ቢመጣ መልስ የለኝም።

አንድ የማውቀው ነገር ግን አለ። ሲራኪዩስ ውስጥ አሁን ስብሰባ የለም። አንድ ልብስ ሰፊ ተነስቶ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅበት ወንበር የለም። እኛም ገንዘቡን ከሰጠን በኋላ ልጁ ይማር ይሆናል፣ በደንብም ይማር ይሆናል። ባለፈው ዓመት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የመኖሪያ ክፍሏ ጣሪያ እያፈሰሰ ብርድ ልብሷ በስብሶ እንደነበር ጽፋልን፣ እዚህ የተቀመጡ አንድ መምህር በሳምንቱ ሄደው አዩላት። ይህ በየትኛው ድርጅት ፎርም ላይ እንደሚሞላ ንገሩኝ። ነገ እጄን የማነሳው ተቃውሜ ነው፤ ከተሸነፍኩ ደግሞ ገንዘቡን ለማስረከብ ወረቀቱን ከሚያዘጋጁት ጋር አብሬ እቀመጣለሁ።

ጋሼ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። ሴት ልጃቸው ቤቱን ስታጸዳ ያቺን ወረቀት አምጥታ «አባቴ ልጆችህ ይያዙት ብሏል» አለችኝ። ትልቁ ልጄ ወሰደው። በሕግ ስሙ ይዛወር አይዛወር እስካሁን አልጠየቀም፣ ብቻ እሱም ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ከምረቃ ፎቶው በላይ፣ እናቱን ያናደዳት ይኸው ነው።

ሮቸስተር ለምትመጡ ቤቴ ክፍት ነው። በሚያዝያ ከሆነ የምትመጡት ግን ወፍራም ካፖርት ያዙ፤ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ላይ በረዶ ይጥላል።